የእርሻ ልማት፣ የመሬት ይዞታና የወንዞች ደኅንነት በጓሳና በአካባቢው፦ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ መብቶችና አሠራሮች

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች፣ በተለይም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ የእርሻ መሬት መስፋፋትንና አዳዲስ የግብርና ሥራዎችን ተከትለው ሁለት ዓይነት ስጋቶች በተደጋጋሚ ይነሳሉ። የመጀመሪያው የመሬት ይዞታን የሚመለከት ነው፤ አርሶ አደሩ ለዘመናት ሲጠቀምበት የኖረው የወል ግጦሽ፣ የሣር ቦታ ወይም የግል ማሳ ለሌላ አገልግሎት ቢውል መብቱ እንዴት ይጠበቃል? ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ነው፤ በላይኛው ተዳፋት የሚካሄድ እርሻ ወይም የመስኖ ጠለፋ በታች ያለውን ምንጭና ወንዝ ቢያጎድል ወይም ቢያደፈርስ የታችኛው ተጠቃሚ ለማን አቤት ይላል? ይህ ጽሑፍ የጓሳን አካባቢ እንደ ዋነኛ ማሳያ በመውሰድ ጉዳዩን ያብራራል፤ በሥራ ላይ ያሉ ሕጎች የሚሰጧቸውን መብቶችና ዜጎች ሊከተሏቸው የሚገቡ ደረጃዎችንም በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ጓሳና የሚያመነጨው ውሃ

ጓሳ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በዋናነት በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ ውርጫማ ከፍተኛ ቦታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በግምት ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይሸፍናል። ስሙን ያገኘው በብዛት ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ነው። የአካባቢው ኅብረተሰብ ይህን ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ከዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ይጠቀምበታል። ከሣሩ ጋር የሚበቅለው ጨረንፌ ለማገዶ ይውላል፤ በድርቅ ዘመን ደግሞ ሜዳው ለከብትና ለበግ የመጨረሻ የግጦሽ መጠባበቂያ ሆኖ ያገለግላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮን የመሳሰሉ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ የዱር እንስሳትም ይኖሩበታል።

የጓሳ ጥቅም በዚያው ላይ የሚያበቃ አይደለም። አካባቢው በሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መለያያ ላይ የሚገኝ በመሆኑ በምዕራብ በኩል የሚመነጩት ጅረቶች ወደ ጀማ ወንዝና በእርሱም በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት ደግሞ ገደሉን ይዘው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈስሳሉ። ከ20 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች መነሻቸው ከዚህ ከፍታ ነው። በመሆኑም በጓሳ አናት ላይ የሚወሰድ እርምጃ በደጋው ከሚኖረው አርሶ አደር አልፎ በወይና ደጋና በቆላ ያለውን ሕዝብ የመጠጥ ውሃ፣ የከብት ማጠጫና መስኖ ይነካል።

የቄሮ ሥርዓትና የ1967 የመሬት አዋጅ

የጓሳ ኅብረተሰብ ይህን ሀብት የመጠበቅ ልምድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ቄሮ በመባል የሚታወቀው ባህላዊ የአጠባበቅ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሚነሳ ይነገራል። ሥርዓቱ የተመሠረተው በአጽመ ርስት ላይ ሲሆን የአስቦና የጌራ ተወላጆች በየበኩላቸው መሪ እየመረጡ ጓሳን በጋራ ያስተዳድሩ ነበር። አባ ቄራ የሚባለው መሪ ከሽማግሌዎች ጋር በመምከር ሣሩ የሚታጨድበትን፣ ከብት የሚገባበትንና ቦታው የሚዘጋበትን ጊዜ ይወስናል። ጓሳ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ተከታታይ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲከፈት በበጋ ይከፈትና ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ውሳኔው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሕዝብ ይነገራል፤ ሕጉን የጣሰም ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የመሬት ባለቤትነትን ከመሠረቱ ሲለውጥ አጽመ ርስትም አብሮ ቀረ። አዋጁ መሬት ላልነበረው ገበሬ የመጠቀም መብት ማስገኘቱ ታላቅ ለውጥ ነበር። ቀድሞ በአጽመ ርስት ምክንያት ከጓሳ ተጠቃሚነት ውጭ የነበሩ ነዋሪዎችም በገበሬ ማኅበር አባልነታቸው የመጠቀም ዕድል አገኙ። በሌላ በኩል ግን ቄሮ የቆመበት የሕግ መሠረት በመነሳቱና በቦታው ወዲያውኑ የተተካ ጠንካራ አስተዳደር ባለመኖሩ ጓሳ ለከፍተኛ የግጦሽ፣ የማገዶና የእርሻ ጫና ተጋለጠ። ኅብረተሰቡ ጉዳቱን በመገንዘብ ከገበሬ ማኅበራት የተውጣጣ የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመ። አካባቢው ከጊዜ በኋላ በክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት ደንብ መሠረት በ2004 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ።

ይህ ታሪክ አሁን ለሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፣ የመሬት ሥሪት ሲለወጥ የመሬቱ አጠባበቅም አብሮ እንደሚለወጥ ነው። ሁለተኛው፣ ፍትሐዊ ተጠቃሚነትና ጥበቃ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይገባ ነው፤ ጥቂቶችን ብቻ የሚጠቅም ጥበቃም ሆነ ጠባቂ የሌለው የጋራ ጥቅም ዘላቂ ሊሆን አይችልም።

ስጋቱ ከየት ይመነጫል?

በደጋው የእርሻ መሬት እየተጣበበ ነው። ቤተሰብ በበዛ ቁጥር የአባት ማሳ ለልጆች እየተከፋፈለ ያንሳል፤ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችም ቁጥራቸው ይጨምራል። በልግ ሲያጥር ወይም ውርጭ ገብሱን ሲመታ የሚታረስ ተጨማሪ መሬት ፍለጋ ወደ ላይኛው ተዳፋትና ወደ ወል መሬት መግፋት የተለመደ ነው። ይህ ፍላጎት ከእውነተኛ ችግር የመነጨ በመሆኑ በቅጣት ብቻ የሚፈታ አይደለም።

የወል መሬት ሲታረስ ግን ቀዳሚ ተጎጂ የሚሆነው በግና ከብት ያለው፣ ሣር አጭዶ የሚሸጠውና ጓሮው ላይ ያለው ማሳ ትንሽ የሆነው ነዋሪ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚጎዳው በታችኛው ቀበሌ ያለው የውሃ ተጠቃሚ ነው። ወንዝን በሞተር ፓምፕ መሳብ፣ ያለ ስምምነት አዲስ ቦይ መጥለፍ፣ ባሕር ዛፍን በምንጭ አጠገብ መትከል፣ የፀረ ተባይ ኬሚካል የተረጨበትን ዕቃ በወንዝ ማጠብ፣ የመሳሰሉት ተግባራት ደግሞ ችግሩን ያባብሱታል።

ተዳፋት ሲታረስ ምንጭ ለምን ይጎድላል?

የጓሳ ሣር በጉብታ መልክ ተጠጋግቶ የሚበቅልና ሥሩ የጠበቀ ነው። ዝናብ ሲዘንብ የውሃውን ኃይል ያበርዳል፤ ጉምና ጤዛንም በቅጠሉ ይይዛል። ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር በብስባሽ የበለጸገ በመሆኑ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይመጥጥና ቀስ በቀስ ወደ ምንጮች ይለቃል። በበጋ ወራት ዝናብ ሳይኖር ጅረቶች የሚፈስሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሣሩ ተነስቶ መሬቱ ሲታረስ አፈሩ በበልግና በክረምት መግቢያ ላይ ራቁቱን ይቀራል። ውሃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ በላይ ላይ ይሮጣል፤ አፈሩንም ጠርጎ ይወስዳል። ውጤቱ በሁለት ወቅት ይታያል፦ በክረምት ደራሽ ጎርፍና የደፈረሰ ወንዝ፣ በበጋ ደግሞ የነጠፈ ምንጭ። የታጠበው ደለል በታች ያሉትን የመስኖ ቦዮችና የውሃ ማቆሪያዎች ይሞላል። አዲስ የታረሰው ተዳፋት ራሱ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ጥሩ ምርት ሰጥቶ ይራቆታል፤ አራሹም ያሰበውን ጥቅም አያገኝም።

የሕግ ማዕቀፉም ይህንኑ ግምት ውስጥ ያስገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 456/1997 በተደነገገው መሠረት ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት ብቻ ይውላል። ከ30 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለው መሬት ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። በመሆኑም ዜጎች በይዞታቸው ላይ ተፈጻሚ የሚሆነውን ድንጋጌ ከወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በአማራ ክልል ደግሞ የተሻሻለው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ዝርዝሩን ይወስናል።

የይዞታ መብት ምን ያካትታል?

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የገጠርና የከተማ መሬት እንዲሁም የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ መሬትን በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። ይህ ማለት አርሶ አደሩ ባለቤት ባይሆንም መብት አልባ ነው ማለት አይደለም። ይዞታውን የመጠቀም፣ በሕግ በተወሰነው አኳኋን ለቤተሰቡ የማውረስና የማከራየት፣ በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ላፈራው ንብረትም ሙሉ ባለቤት የመሆን መብት አለው።

የገጠር መሬት ይዞታ በዋናነት በሦስት ይከፈላል።

የግል ይዞታ፦ በአርሶ አደሩና በቤተሰቡ ስም የተመዘገበ ነው። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የምስክር ወረቀት በሁለቱም ስም መዘጋጀት አለበት። ይህ በተለይ ሴቶች በፍቺ ወይም በባል ሞት ጊዜ መሬታቸውን እንዳያጡ ዋነኛ ዋስትና ነው።

የወል ይዞታ፦ ለግጦሽ፣ ለደን፣ ለሣርና ለመሳሰሉት የአካባቢው ነዋሪ በጋራ የሚጠቀምበት ነው። ማንም ግለሰብ፣ የቀበሌ አመራርም ቢሆን፣ በራሱ ሥልጣን ቆርሶ ሊሰጠው ወይም ሊያከራየው አይችልም።

የመንግሥት ይዞታ፦ በፌዴራል ወይም በክልል መንግሥት ሥር ያለ፣ ለምሳሌ ለመንግሥት ደን ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ የተከለለ መሬት ነው።

በተግባር አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ወሰናቸው በግልጽ ባልተመዘገበ የወል መሬቶች ላይ ነው። የግል ማሳ ባለ ካርታ የይዞታ ደብተር ሲኖረው የወል መሬት ግን ብዙ ጊዜ በሽማግሌዎች ትውስታ ብቻ ይታወቃል። ሽማግሌዎቹ ባለፉ ጊዜ ወሰኑም አብሯቸው ይጠፋል። ስለዚህ የየቀበሌው ነዋሪ የወል መሬቱ ወሰን በልኬት ተለይቶ እንዲመዘገብና የወል ይዞታ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው በቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በኩል መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ሥራ ክርክር ከተነሳ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ሲከናወን ውጤታማ ይሆናል።

ውሃ የማን ነው?

በኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በአገሪቱ ያለ ማንኛውም የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ወንዝ ወይም ምንጭ በአንድ ሰው ማሳ ውስጥ በማለፉ ወይም በመመንጨቱ የዚያ ሰው የግል ንብረት አይሆንም። አዋጁ ከየትኛውም የውሃ አጠቃቀም ይልቅ ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል። ስለዚህ የመስኖ ሥራ የአንድን መንደር የመጠጥ ውሃ የሚያቋርጥ ከሆነ በሕግ ቅድሚያ ያለው መጠጡ ነው።

በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ፣ ለባህላዊ መስኖ፣ ለባህላዊ ከብት እርባታና ለውሃ ወፍጮ ፈቃድ አያስፈልግም። ከእነዚህ ውጭ ያለ የውሃ አጠቃቀም፣ ለምሳሌ ለንግድ እርሻ የሚሆን ሰፊ መስኖ፣ ሥልጣን ካለው አካል የውሃ አጠቃቀም ፈቃድ ይጠይቃል። ማንኛውም ዜጋ በአካባቢው በተጀመረ ትልቅ የመስኖ ሥራ ላይ ጥርጣሬ ካለው ፈቃዱ መኖሩን ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላል።

በባህላዊ መስኖ ውሃን ተራ አስይዞ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ለረጅም ዘመን ያገለገለ ጠቃሚ ሥርዓት ነው። ይህን መሰል አሠራር ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ለማድረግ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የተቋቋመ ማኅበር የውሃ ክፍፍልን፣ የቦይ ጥገናንና አባላቱ የሚነሡባቸውን ቅሬታዎች በመተዳደሪያ ደንቡ ይወስናል። የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት መድረክ መኖሩ ብዙ ክርክሮችን ከፍርድ ቤት በፊት ይፈታል።

ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ የሚነካውን የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም በማቀድና በመፈጸም ሂደት የመሳተፍ መብቱን ያረጋግጣል። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይገልጻል።

እነዚህን መብቶች ተግባራዊ ለማድረግ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሥርዓት ተዘርግቷል። ግምገማ የሚጠይቅ ፕሮጀክት ጥናቱ ቀርቦ ይሁንታ ሳያገኝ መጀመር የለበትም፤ የጥናቱ ዘገባም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ሊሰበሰብበት ይገባል። ነዋሪዎች ለምክክር ሲጠሩ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያነሡ ይጠቅማቸዋል።

የሚያስፈልገው መሬት ስፋት ምን ያህል ነው? የግል ነው ወይስ የወል? በካርታ ላይ ተመልክቷል?

ውሃ ከየትኛው ምንጭ ወይም ወንዝ ይወሰዳል? ውሃው በሚቀንስበት በመጋቢትና በሚያዝያ ለታችኛው ተጠቃሚ ምን ያህል ይቀራል?

ኬሚካልና ፍሳሽ እንዴት ይወገዳል?

ከብት ወደ ውሃና ወደ ግጦሽ የሚያልፍበት መንገድ ይጠበቃል?

የተገባው ቃል ካልተፈጸመ ተጠያቂው ማን ነው?

መልሱ በቃል ብቻ ሳይሆን በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ የተሰብሳቢዎች ፊርማ ሊያርፍበት ይገባል። ለመገኘት የተፈረመ ፊርማና ለመስማማት የተፈረመ ፊርማ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ነዋሪዎች ከመፈረማቸው በፊት የሚፈርሙበትን ወረቀት ማንበብ ወይም ማስነበብ አለባቸው።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ

መንግሥት የግል ይዞታን ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልገው ማስለቀቅ ይችላል፤ ነገር ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል ግዴታው ነው። አፈጻጸሙ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ ነው። አዋጁ ተነሺዎች ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም አስቀድመው እንዲመክሩ፣ ለንብረታቸው ካሳ እንዲያገኙ፣ ለመፈናቀላቸውም ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጣቸውና መልሰው እንዲቋቋሙ ያዛል። የወል መሬት ሲወሰድም ተጠቃሚው ማኅበረሰብ የካሳ መብት አለው። አዋጁ በኋላ የተሻሻሉ ድንጋጌዎች ያሉት በመሆኑ ተነሺዎች በጊዜው በሥራ ላይ ያለውን የካሳ ስሌት በጽሑፍ እንዲሰጣቸው መጠየቅ አለባቸው።

ትዕዛዙን ወይም የካሳውን መጠን የሚቃወም ባለይዞታ ትዕዛዙ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። በዚያ ውሳኔ ካልተስማማ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ቀጥሎም ለፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለው። የጊዜ ገደቡ ካለፈ ትክክለኛ አቤቱታም ተቀባይነት ሊያጣ ስለሚችል ትዕዛዙ የደረሰበትን ቀን መዝግቦ መያዝ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ከሌሎች አካባቢዎች የሚገኝ ትምህርት

በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ የነበረ ሲሆን በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ገደብ በመሳቡ፣ ከተራሮቹም ደለል ተጠርጎ በመግባቱ፣ በጊዜ ሂደት እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር። የተፋሰስ ሥራ ከተከናወነ በኋላ ውሃ መልሶ መያዝ ችሏል። ጉዳዩ የሚያሳየው እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ቢመስልም ድምሩ አንድን ሐይቅ ሊያደርቅ እንደሚችል ነው።

በምዕራብ ጎጃም ሜጫ ወረዳ የተገነባው የቆጋ መስኖ ግድብ በሌላ በኩል ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለማልማት ታስቦ የተሠራ ነው። ግድቡ በውሃ የሸፈነው መሬት ባለይዞታዎች መነሣትና በመስኖ በሚለማው አካባቢ መሬት እንደገና መደልደል አስፈልጎ ነበር። የመስኖ ጥቅምና የመነሣት ጉዳት በአንድ ልማት ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

አቤቱታ ለማቅረብ የሚከተሉ ደረጃዎች

አንደኛ፣ ማስረጃ ማደራጀት። የይዞታ ደብተር፣ የመሬት መጠቀሚያ ግብር የተከፈለባቸው ደረሰኞች፣ የአዋሳኞች ስም፣ የወል መሬት ቃለ ጉባኤዎችና ፎቶግራፎች ይሰበሰባሉ። የውሃ ጉዳይ ከሆነ ምንጩ የቀነሰበት ወይም የደፈረሰበት ቀን፣ ቦታና የተጎዱ ቤተሰቦች ብዛት በየጊዜው መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛ፣ በስምምነት ለመፍታት መሞከር። የይዞታ ክርክር በቅድሚያ በተከራካሪዎቹ ውይይትና በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ ሕጉ ያበረታታል። የደረሱበት ስምምነት በጽሑፍ ሰፍሮ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ መመዝገብ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማመልከት። የይዞታና የወሰን ጉዳይ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ፣ ቀጥሎም ለወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የውሃ ጠለፋ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ብክለትና የአካባቢ ጉዳት ለአካባቢ ጥበቃ አካል ይቀርባል። በጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ የሚፈጸም እርሻ፣ ቃጠሎ ወይም ሕገ ወጥ አጨዳ ደግሞ ለጥብቅ ሥፍራው አስተዳደር ይነገራል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሊሰፍርበት ይገባል።

አራተኛ፣ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ሌሎች ተቋማት መሄድ። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ ደረሰበትም አልደረሰበትም፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ወገን ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ አካል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይፈቀድለታል። የአስተዳደር በደል የደረሰበት ዜጋም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል።

ልማትን ከጥበቃ ጋር ማስኬድ

ይህ ሁሉ በደጋው ልማት እንዳይካሄድ የሚያግድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። መሬት የሌለው ወጣት መተዳደሪያ ያስፈልገዋል፤ የገብስ ምርት ማደግ፣ የመንዝ በግ እርባታ መሻሻል፣ የመኖ ልማት፣ ንብ ማነብና የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተዳፋቱን ሳያርሱ ገቢ የሚያስገኙ ሥራዎች ናቸው። በጓሳ የሚገኘው የማኅበረሰብ ሎጅና የማኅበረሰቡ የጥበቃ ሠራተኞች ለዚህ ጅምር ማሳያ ናቸው። ባለው ማሳ ላይ እርከን መሥራት፣ ፍግና ኮምፖስት መጠቀም፣ የምንጭ ዙሪያን አጥሮ አገር በቀል ዛፍ መትከል፣ በወንዝ ዳርቻ ያልታረሰ የሣር መቀነት መተው ምርትንም ውሃንም ይጨምራል።

የጥበቃው ጥቅም ግን ከጓሳ አጠገብ ለሚኖረው፣ ከሣሩና ከግጦሹ ለተከለከለው ሰው በግልጽ መድረስ አለበት። የሣር አጨዳ ተራ በፍትሕ ሲደለደል፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ለሕዝብ በይፋ ሲነገር፣ ሴቶችና መሬት አልባ ወጣቶች በአስተዳደሩ ውስጥ ድምፅ ሲኖራቸው ነዋሪው ራሱ ጠባቂ ይሆናል። የቀድሞው ቄሮ ጥንካሬ ውሳኔው ሁሉም በሚሰማበት ደጅ ላይ መነገሩ ነበር፤ ድክመቱም ከአጽመ ርስት ውጭ ያለውን ሰው አለማካተቱ ነበር። የዛሬው አስተዳደር የመጀመሪያውን ሊወርስ፣ ሁለተኛውን ሊያርም ይገባል።

በመሆኑም በጓሳና በአጎራባች ወረዳዎች የሚኖሩ ዜጎች የይዞታ ደብተራቸውን ወቅታዊ እንዲያደርጉ፣ የወል መሬታቸው ወሰን እንዲመዘገብ እንዲጠይቁ፣ በምክክር ስብሰባዎች ላይ በንቃት እንዲሳተፉና ቅሬታቸውን በጊዜ ገደቡ ውስጥ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይመከራል። በየደረጃው ያሉ የመሬት፣ የግብርና፣ የውሃና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶችም ለሚቀርብላቸው ጥያቄ መረጃ የመስጠትና ውሳኔያቸውን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።